ሦስት ክሊኒክ፣ አንድ ሳል

የዚህ ሳምንት ደብዳቤ ከቶሮንቶ ነው። ረዘም ስለሚል አሳጥሬዋለሁ፤ ፍሬ ነገሩን ግን አልነካሁም።

«ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ስካርቦሮ ነው። እናቴ ቋሚ ነዋሪ ሆነው ከአዲስ አበባ ከመጡ አስር ወር ሆናቸው። ዕድሜያቸው 67 ነው፤ ግፊትና ስኳር አለባቸው። የቤተሰብ ሐኪም ላገኝላቸው ያልደወልኩበት ቢሮ የለም፤ የሁሉም መልስ ‹አዲስ ታካሚ አንቀበልም› ነው። ስለዚህ ያለ ቀጠሮ ወደሚገባባቸው ዎክኢን ክሊኒኮች እያመላለስኳቸው ነው። የመጀመሪያው ክሊኒክ ሐኪም እግራቸው ማበጡን አይቶ የግፊት መድኃኒታቸውን ለወጠላቸው። እብጠቱ ጎደለ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ግን ደረቅ ሳል ጀመራቸው። ሌላ ክሊኒክ ሄድን፣ ሽሮፕ ታዘዘ። ሦስተኛ ክሊኒክ ሄድን፣ አንቲባዮቲክ ታዘዘ። ሳሉ ያው ነው። ቅዳሴ መካከል ሲነሣባቸው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ጭነው ይወጣሉ። አሁን የደረት ራጅ ተነሡ ተብለዋል፤ ‹ሳንባ ነው ብለው ወደ አገሬ ሊመልሱኝ ነው› እያሉ እንቅልፍ አጥተዋል።

እኔ ራሴ የቤተሰብ ሐኪም አለኝ። ግን ቢሮው ሚሲሳጋ ነው፤ ድሮ እዚያ እኖር ስለነበር። ባለፈው ዓመት ሁለት ጊዜ ሰፈሬ ባለ ዎክኢን ታከምኩ። ‹ከእኛ ውጭ መታከምሽን ከቀጠልሽ ከመዝገባችን እናወጣሻለን› የሚል ደብዳቤ መጣልኝ። በጣም ተናድጃለሁ፤ ልተዋቸው አስቤያለሁ። የአጎቴ ልጅ ‹እናትሽን ሁልጊዜ ድንገተኛ ክፍል ውሰጃቸው፣ እዚያ ማንም አይመልሳቸውም› ይለኛል። ወንድሜ ደግሞ ‹አገር ቤት ሄደው ይታከሙ› ባይ ነው። አንዲት የማውቃት ሴት ገንዘብ ከከፈልኩ ሐኪም እንደምታስገኝልኝ ነግራኛለች። የማንን ልስማ?»

እህቴ፣ የሐኪም ፍለጋው ይደርሳል፤ ሳሉን እናስቀድም።

ዛሬ ማታ ያንን የተለወጠ የግፊት መድኃኒት አንሺና ስሙን አንብቢ። መጨረሻው «ፕሪል» የሚል ከሆነ፣ ማለትም ራሚፕሪል፣ ፐሪንዶፕሪል፣ ሊሲኖፕሪል፣ ኢናላፕሪል ወይም ከነዚህ ወገን የሆነ ሌላ ከሆነ፣ ይህ የመድኃኒት ቤተሰብ በአንዳንድ ሰው ላይ አክታ የሌለው፣ ጉሮሮ የሚከነክን ደረቅ ሳል በማምጣት የታወቀ ነው። መድኃኒቱ በተጀመረ በቀናትም ሊመጣ ይችላል፣ በወራትም። መድኃኒቱ እየተዋጠ ሽሮፕ አያቆመውም፤ አንቲባዮቲክም ሊያቆመው አይችልም። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ሳሉ ከሌላ ነገር የመጣም ሊሆን ይችላል። ነገር ግን የደብዳቤሽን ቅደም ተከተል ሳነብ፣ መጀመሪያ መጠየቅ የነበረበት ጥያቄ ይህ ይመስለኛል፤ ከጻፍሽልኝ እንደምረዳው ደግሞ የጠየቀ የለም።

ለዚህ ጥያቄ ሐኪም እስክታገኚ መጠበቅ የለብሽም። መድኃኒቱን የሸጠላችሁ ፋርማሲ ሄደሽ ፋርማሲስቱን አነጋግሪ። ቶሮንቶ ባለችበት በኦንታሪዮ ክፍለ ሀገር ሦስትና ከዚያ በላይ ቋሚ መድኃኒት ለሚወስድ ወይም ስኳር ላለበት ሰው ፋርማሲስቱ ተቀምጦ መድኃኒቶቹን አንድ በአንድ የሚያይበት ሜድስቼክ የሚባል ነጻ አገልግሎት አለ። እናትሽ ስኳር ስላለባቸው ይመለከታቸዋል። ስሙን ጠርተሽ ጠይቂ፤ ካልጠየቁ ብዙ ጊዜ የሚነግር የለም። አገር ቤት ያመጧቸውን ጽላቶች፣ ሽሮፑን፣ ዳማ ከሴውንም ሆነ ጥቁር አዝሙዱን ሳይቀር በአንድ ፌስታል ይዛችሁ ሂዱ። ፋርማሲስቱ የጠረጠረውን ለአዘዘው ሐኪም ጽፎ መላክ ይችላል፤ ሐኪሙም ሳል የማያመጣ ሌላ ዓይነት ሊያዝ ይችላል። በራሳችሁ ግን አታቋርጡ። ግፊት ዝም ብሎ የሚቆይ በሽታ ስለሆነ መድኃኒቱን ያቆመ ሰው ለጥቂት ቀናት የዳነ ይመስለዋል። ከንፈራቸው፣ ምላሳቸው ወይም ፊታቸው ካበጠ ግን ፋርማሲ አይደለም፣ ወዲያው 911 ነው።

ራጁንም ይነሡ። ለእናትሽ እንዲህ ብለሽ አስረጂያቸው፦ ወደ ካናዳ ከመምጣታቸው በፊት ለኢሚግሬሽን በተደረገላቸው ምርመራ የደረት ራጅ ተነሥተዋል። ቋሚ ነዋሪ የሆነ ሰው ደግሞ ታመመ ተብሎ ከአገር አይባረርም፤ የካናዳ የኢሚግሬሽን ሕግ የጤና ክልከላውን የጻፈው ቋሚ ነዋሪ ላልሆነ የውጭ ዜጋ ነው። የሳንባ ነቀርሳ ቢሆን እንኳ፣ በኦንታሪዮ በነጻ የሚታከም፣ መድኃኒቱም በነጻ የሚሰጥበት በሽታ ነው። ትኩሳት፣ ሌሊት ላብ፣ ክብደት መቀነስ ወይም ደም የቀላቀለ አክታ ካለ ግን ሳይደብቁ ይናገሩ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባል የለ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አንብቤ ጥፋተኛ ፈለግኩ፤ አላገኘሁም። የመጀመሪያው ሐኪም እግር ሲያብጥ መድኃኒቱን መጠርጠሩ ትክክል ነው፤ አገር ቤት በብዛት የሚታዘዘው አምሎዲፒን ቁርጭምጭሚት በማሳበጥ ይታወቃል። ሁለተኛው ሳል አይቶ የሳል ነገር ሰጠ። ሦስተኛው ሽሮፕ ያልሻረውን ሳል አይቶ ኢንፌክሽን ጠረጠረ። እያንዳንዱ የራሱን አስር ደቂቃ ሠርቷል። ያልነበረው ሦስቱን አስር ደቂቃዎች የሚያያይዝ ሰው ነው።

ይህን ነገር የሚገልጽ ቃል እኛ ዘንድ አለ፤ ክትትል። አገር ቤት እናትሽ «ሐኪም አለኝ» አይሉም ነበር፤ «ክትትል አለኝ» ነው የሚሉት። የክትትል ቀናቸው ሲደርስ በጠዋት ይነሣሉ፣ ካርድ ክፍል ይሰለፋሉ፣ ጠርዙ የተበላ ማኅደራቸው ከመደርደሪያ ይወጣል፣ ሐኪሙ ቢቀየርም እንኳ አዲሱ ሐኪም የቀድሞውን ጽሑፍ ገልጦ ያነባል። ወረፋው ያማርራል፣ ካርድ ጠፋ የሚባልበትም ቀን አለ፤ ግን ትዝታው አንድ ቦታ ነው ያለው። ዎክኢን ክሊኒክ ሕክምና ይሰጣል፣ ክትትል አይሰጥም። ለተሰነጠቀ ጣት፣ ለጆሮ ሕመም ይህ ምንም አይጎዳም። ዕድሜ ልክ ለሚቆይ ግፊትና ስኳር ግን ጉዳቱ እናንተ ያያችሁት ነው።

ስለዚህ ሐኪም እስኪገኝ ድረስ ካርድ ክፍሉ አንቺ ነሽ።

ደብተር ግዢ። ስልክ ላይም መያዝ ይቻላል፤ እኔ ግን ደብተር እመርጣለሁ፤ እናትሽ ራሳቸው ገልጠው ሊያሳዩት ይችላሉ፣ ባትሪም አይጨርስም። የመጀመሪያው ገጽ ላይ መድኃኒቶቹ ይጻፉ፦ ስም፣ መጠን፣ በቀን ስንት ጊዜ፣ መቼ ተጀመረ። መድኃኒት ሲለወጥ ማን እንደለወጠውና፣ ከሁሉም በላይ፣ ለምን እንደለወጠው ጻፊ። «እግር ስላበጠ አምሎዲፒን ቆመ፣ በምትኩ ይህ ተጀመረ» የምትል አንዲት መስመር ሁለተኛው ክሊኒክ ጠረጴዛ ላይ ብትኖር ኖሮ ሽሮፑ ላይታዘዝ ይችል ነበር። የግፊት ልኬትና የስኳር ውጤት ከነቀኑ ይግባ። አዲስ አበባ ያለ ዘመድም ላኪና፣ ክትትል የነበራቸው ቦታ ሄዶ የሕክምና ማጠቃለያ ያውጣ፤ ያ ካልሆነ የመጨረሻዎቹን ውጤቶች በስልክ ፎቶ አንስቶ ይላክ።

ከእያንዳንዱ ክሊኒክ ስትወጡ የዕለቱን የምርመራ ማስታወሻ ቅጂ ጠይቂ። የራስን የሕክምና መዝገብ ማየትና ቅጂ መውሰድ በኦንታሪዮ ሕግ የታካሚው መብት ነው፤ ለቅጂው መጠነኛ ክፍያ ሊጠይቁ ይችላሉ። ምርመራ ሲታዘዝ ደግሞ «ውጤቱን ማን ነው የሚነግረን?» ብለሽ ሐኪሙን እዚያው ጠይቂ። የዎክኢን ሐኪም ቢሆንም ያዘዘውን ምርመራ ውጤት የመከታተል ግዴታ አለበት፤ ሐኪሞችን የሚቆጣጠረው አካል፣ የኦንታሪዮ የሐኪሞች ኮሌጅ፣ በደንቡ ይህን በግልጽ ይላል። «ካልደወልን ደህና ነው ማለት ነው» የሚለውን መልስ አትቀበዪ። ራጁንም በዚህ መንገድ ያዢው።

ሌላው ነገር፣ መዞሩን አቁሙ። ከሦስቱ ክሊኒኮች የተሻለ ያዳመጣችሁን አንዱን ምረጡ። ጸሐፊዋን ያ ሐኪም በየትኞቹ ቀናት እንደሚሠራ ጠይቂና በእነዚያ ቀናት ብቻ ሂዱ። እንዲህ ተመላልሰው በስተመጨረሻ በቋሚነት የተመዘገቡ ሰዎች አውቃለሁ፤ ሐኪሙ ፊታቸውን ለመደው። ፋርማሲውም አንድ ይሁን። ዛሬ የተሻለ ማኅደር ያለው ፋርማሲው ነው፤ እናንተም ከሦስት ክሊኒክ ለሦስት ፋርማሲ ካዳረሳችሁት ያም ይበተናል። ፋርማሲስት በኦንታሪዮ ከ2023 ጀምሮ ቀላል ለሚባሉ ሕመሞች ራሱ መድኃኒት ማዘዝ ይችላል፤ ዝርዝሩ ውስጥ ያልተወሳሰበ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን፣ የዓይን መቅላት፣ ቃር፣ ኪንታሮትና ሌሎችም አሉ። ያለቀ ቋሚ መድኃኒትም ብዙ ጊዜ ማደስ ይችላል። እናትሽ ከ65 በላይ ስለሆኑና የኦንታሪዮ የጤና መድን ካርድ፣ ኦሂፕ፣ ስላላቸው የመድኃኒታቸውን አብዛኛውን ወጪ ክፍለ ሀገሩ ይሸፍናል። ገቢያቸው ዝቅተኛ ከሆነ የሚከፍሉትን ድርሻ የሚቀንስ ማመልከቻ ስላለ እሱንም እዚያው ፋርማሲው ጠይቂ።

ስለ ማስተርጎም አንድ ነገር ልናዘዝ። ከዓመታት በፊት አክስቴን ይዤ ሐኪም ጋ ገባሁ። ሐኪሟ «እንዴት ነዎት?» አለቻቸው። አክስቴ «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አሉ፤ እኔም «ደህና ናቸው» ብዬ ተረጎምኩ፤ ሐኪሟም ጻፈች። ምስጋናው ለፈጣሪ እንጂ ለጥያቄው መልስ እንዳልነበረ የገባኝ ማታ ቤት ውስጥ ደረታቸውን ይዘው ሲቀመጡ ሳይ ነው። ስለዚህ ከመግባታችሁ በፊት ቤት ተቀምጣችሁ ሦስት ነገር ጻፉ፤ ከ«እግዚአብሔር ይመስገን» በፊት ያለውን። ለልጅ የማይነገር ነገር ደግሞ አለ፤ የሽንት፣ የማሕፀን፣ የሐዘን ነገር። እናትሽ አንቺ ባለሽበት ላይናገሩት ይችላሉ። አስተርጓሚ መኖሩን ጠይቂ፤ ሲኖር አንቺ ውጪ ተቀመጪ።

ጾሙንም ለሐኪምና ለፋርማሲስት ተናገሩ። እናትሽ እንደ ብዙዎቹ እናቶቻችን ከሆኑ በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አይቀምሱም፤ የጠዋቱ የስኳር ጽላት ግን «ከቁርስ ጋር» ተብሎ ተጽፏል። ወይ ባዶ ሆድ ይውጡታል፣ ወይ ይዘሉታል፤ ሁለቱንም ሐኪሙ አያውቅም። አንዳንዱ የስኳር መድኃኒት ያለ ምግብ ሲወሰድ ስኳርን አደገኛ እስኪሆን ዝቅ ያደርጋል። ከጾሙ ሁለት ሳምንት በፊት «ምን ላድርግ?» ተብሎ ሲጠየቅ ሐኪም ሰዓትና መጠን ያስተካክላል። ዝም ከተባለ ግን መድኃኒቱ አልሠራም ብሎ መጠኑን ይጨምረዋል።

ወደ ሐኪም ፍለጋው እንሂድ፤ የሚያሳዝነውንም የማልደብቅሽ እዚህ ላይ ነው። እናንተ ብቻ አይደላችሁም። በካናዳ የቤተሰብ ሐኪም ወይም ነርስ ፕራክቲሽነር (መድኃኒት ማዘዝ የምትችል ነርስ) የሌላቸው አዋቂዎች ቁጥር ከ6 ሚሊዮን በላይ እንደሆነ በ2022 የተደረገ አገር አቀፍ ጥናት ገምቷል። በጃንዋሪ 2025 ዎከርተን በምትባል የኦንታሪዮ ትንሽ ከተማ አዲስ የመጣ ሐኪም የመጀመሪያዎቹን 500 ሰዎች እመዘግባለሁ ቢል፣ ከሺህ በላይ ሰው በበረዶ ላይ ተሰልፎ ታየ፤ አንዳንዱ ወንበርና ብርድ ልብስ ይዞ ገና ሳይነጋ ነው የመጣው። እዚያው የተወለዱት እንዲህ ከተሰለፉ፣ ያንቺ ስልክ ያልተነሣው ስምሽን ማንበብ ስላቃታቸው አይደለም። ይህን የምለው «እኛን ስለማይወዱን ነው» የሚለውን ወሬ ስለሰለቸሁት ነው፤ ያ ወሬ ሰዉን ከመመዝገብ ያዘገየዋል።

እናትሽን ዛሬውኑ ሄልዝ ኬር ኮኔክት በሚባለው የክፍለ ሀገሩ መዝገብ አስመዝግቢ። በ811 ደውሎም ይሆናል። ይኸው ቁጥር ሌትና ቀን ነርስ የሚገኝበት ነጻ መስመር ነው፤ ሌሊት ሲያስጨንቃችሁም «ድንገተኛ ክፍል እንሂድ ወይስ እንደር?» ብላችሁ ጠይቁበት፣ አስተርጓሚም ጠይቁ። ስትመዘግቢያቸው በሽታቸውን አታሳንሺ። አንዳንድ ሰው «ጤነኛ ናቸው ካልኩ ቶሎ ይቀበሏቸዋል» ይላል፤ የተገላቢጦሽ ነው። ሐኪም የበሽታውን ክብደት አይቶ ቀላል ቀላሉን እንዳይመርጥ የሐኪሞች ኮሌጅ ይከለክላል፤ የበለጠ የሚያስፈልገውን ማስቀደም ግን ይፈቅዳል።

በዚያ ሳትወሰኚ፣ የማኅበረሰብ ጤና ጣቢያ የሚባሉትን ጠይቂ። ስማቸው ጤና ጣቢያ ቢያስታውስሽ አይግረምሽ፤ አሠራራቸውም ይቀራረባል። ሐኪሙ በደመወዝ ነው የሚሠራው፤ አብሮት ነርስ ፕራክቲሽነር፣ የምግብ ባለሙያ፣ ማኅበራዊ ሠራተኛ አለ። ለአዲስ መጤዎችና ኦሂፕ ለሌላቸው ሰዎች ጭምር የተቋቋሙ ናቸው። እያንዳንዱ የራሱ ሰፈር ስላለው ለፖስታ ቁጥራችሁ የሚመለከተውን ፈልጊ። ነርስ ፕራክቲሽነር ሲሰጧችሁ «ሐኪም አይደለችም» ብላችሁ እንዳትመልሷት። መድኃኒት ታዝዛለች፣ ምርመራ ትልካለች፣ ለግፊትና ለስኳር ክትትል የሚያስፈልገውን ትሠራለች። አማርኛ ተናጋሪ ሐኪም ብቻ የሚለውንም ምርጫ ለጊዜው አቆዩት፤ ከተማው ሁሉ ያንኑ አንድ ሰው ነው የሚጠብቀው። ገንዘብ የጠየቀችሽን ሴት ደግሞ ስልክ ቁጥሯን ከስልክሽ አጥፊው። ኦሂፕ የሚሸፍነውን ሕክምና ለማግኘት ቅድሚያ በገንዘብ መግዛትም መሸጥም በኦንታሪዮ ሕግ የተከለከለ ነው።

የአጎትሽ ልጅ ያለው ግማሹ እውነት ነው፤ ድንገተኛ ክፍል አይመልሳቸውም። ግን ሕመምተኛው እንደ ሕመሙ ክብደት በአምስት ደረጃ ስለሚለይ፣ ለወራት የቆየ ሳል መጨረሻ ላይ ነው የሚሰለፈው፤ የሚያያቸውም አራተኛ አዲስ ሐኪም ይሆናል። ደረት ሲጨመድድ፣ ትንፋሽ ሲያጥር፣ አፍ ሲጣመም፣ አንድ ጎን ሲዝል፣ ንግግር ሲተሳሰር ግን ለሰከንድ አታመንቱ። የወንድምሽ ሐሳብ ደግሞ ከመጥፎ ልብ የመጣ አይደለም፤ ግን እናትሽ የኦሂፕ ካርዳቸውን እንዳያጡ በ12 ወር ውስጥ ቢያንስ 153 ቀን ኦንታሪዮ መገኘት አለባቸው። ለጥየቃ ይሂዱ፤ ክትትላቸውን ግን በሁለት አህጉር አትክፈሉት።

የቀረው ያናደደሽ ደብዳቤ ነው። ሳነበው እኔ የተሰማኝ ግን ደስታ ነው፤ ምክንያቱን ልንገርሽ።

በኦንታሪዮ ብዙ የቤተሰብ ሐኪሞች የሚከፈላቸው በየጉብኝቱ ሳይሆን በተመዘገበ ሰው ቁጥር ነው፤ በዕድሜና በጾታ ተሰልቶ። እንዲህ ባሉ ቢሮዎች ስትመዘገቢ የፈረምሽው ቅጽ አለ፤ መንገድ ላይ ወይም ድንገተኛ ችግር ውስጥ ካልሆንሽ በቀር መጀመሪያ ወደ እነርሱ እንደምትመጪ ተስማምተሻል። እኔም ሳላነበው ነው የፈረምኩት። በዚህ አሠራር የተመዘገበ ሰው ውጭ ዎክኢን ሲታከም፣ የዚያ ወጪ ከሐኪሙ ተጨማሪ ክፍያ ላይ የሚቀነስበት ሥርዓት ነበረ፤ እንዲህ ያሉ ደብዳቤዎች የሚመጡትም በዚህ ሰበብ ነው። አጻጻፉ ሻካራ ነው፤ ለሕመምተኛ እንዲህ አይጻፍም። ግን ደብዳቤው የሚነግርሽ አንድ ነገር አለ፦ አሁንም ተመዝግበሻል። ተናደሽ ብትወጪ አንቺም ከእናትሽ ጋር ወረፋው ላይ ትቆሚያለሽ።

ዝርዝራቸው ሞልቶ አዲስ ሰው የማይቀበሉ ሐኪሞች የነባር ታካሚያቸውን ቤተሰብ የሚቀበሉበት ጊዜ አለ። የሐኪሞች ኮሌጅም ለዚህ ቦታ ትቷል። አንቺ በስካርቦሮ ያሉትን ቢሮዎች ሁሉ ስትደውዪ፣ ስምሽ ያለበትን አንዱን ቢሮ ስለ እናትሽ አልጠየቅሽም፤ ቢያንስ ደብዳቤሽ ላይ የለም። ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል።

ሚሲሳጋ ሩቅ ነው፤ ቶሮንቶን ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ አቋርጦ መሄድ ነው፣ በአውቶቡስና በባቡር ግማሽ ቀን ይበላል። ለሳል በየሳምንቱ ሊሄዱበት አይቻልም። ለክትትል ግን ብዙ ጊዜ በየሦስት ወሩ ነው፤ ከዚያ መካከል የተወሰነው በስልክ ሊሆን ይችላል፣ ደም ምርመራውም ስካርቦሮ ባለ ላቦራቶሪ ይሰጣል። ከዚያ ቅርብ ቦታ ሲገኝ ማኅደራቸውን ይዘው ይዛወራሉ፤ ያን ጊዜ የሚዛወር ማኅደር አላቸው።

ስትደውዪ በይቅርታ ጀምሪ፤ ኩራትሽን ለሌላ ቀን አቆዪው። እንዲህ በያቸው፦ «ደብዳቤያችሁ ደርሶኛል፣ ደንቡን አላወቅኩም ነበር። ከሥራ ሰዓት ውጭ ስታመም ወዴት ልደውል?» እንዲህ ያሉ ቢሮዎች አብዛኞቹ የማታ ወይም የቅዳሜ ክሊኒክ አላቸው፤ አንቺ ዎክኢን የሄድሽባቸው ሁለት ቀናትም እዚያ ሊያልቁ ይችሉ ነበር። ከዚያ ቀጥይ፦ «እናቴ አብረውኝ ይኖራሉ፣ 67 ዓመታቸው ነው፣ ግፊትና ስኳር አለባቸው፣ ሐኪም የላቸውም። ሐኪሙ የታካሚ ቤተሰብ ይቀበላሉ?» ጸሐፊዋ «አይቀበሉም» ካለችሽ ሐኪሙን ራሳቸውን እንድትጠይቅልሽ ለምኛት፤ ጥያቄሽ በጽሑፍ እንዲደርሳቸውም አንዲት ገጽ ላኪ። ገጹ ላይ መድኃኒቶቹን፣ የሳሉን ታሪክ፣ የራጁን ቀን ጻፊ።

ቢሮው በጠዋት ሦስት ሰዓት ሲከፈት መስመሩ ይጨናነቃል፤ አምስት ደቂቃ ቀድመሽ ደብተሩን ክፈቺና እናትሽን አጠገብሽ አስቀምጪ።